በሸክላ የተቀረጸው ልቅሶ

ዛሬ ዛሬ ገጣሚውም፣ ስለ ወንዝና ስለ ዛፍ የሚጽፈውም ድርሰቱን በካሴት እያነበበ ይሸጥልናል። እርስዎ ጋደም ብለው ያዳምጣሉ፤ ሲሰለችዎ ይዘጉታል። ደግ ነገር ነው። እኔ ግን ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ ስሰማ፣ አስቀድሜ የጎረቤቶቼን ደኅንነት እጠይቃለሁ። ፈሪ ለናቱ ይባል የለ?

በጣሊያን ጊዜ ነው። ቡሬ ውስጥ እትየ ይርገዱ የሚባሉ አልቃሽ ነበሩ፤ እሳቸው ያላለቀሱለትን ሰው ሞቷል ለማለት ያስቸግር ነበር። አንድ ልጃቸው አያሌው፣ ቤቱ የጥይት ቀለህ ተገኘበትና ምሽጉ ውስጥ ታሰረ። በዚያው ሰሞን ለምሽጉ አዛዥ ድምፅ በሸክላ የሚቀርጽ መኪና መጣለት፤ የአገሩን ገጣሚ ሁሉ ካልቀረጽኩ አለ። እትየ ይርገዱ ተጠሩ። ሸክላው ካማረ የልጅዎ ነገር ይታያል ተባሉ።

"ለማን ላልቅስ?" አሉ አስተርጓሚውን።

"እንዲያው ይበሉት እንጂ እትየ፤ ሟች ምን ያደርግልዎታል?"

"ያለ ሟች? ልጄ ታስሮ ሳለ ላሟርትበት?"

እውነታቸውን ነው። ያለ ሟች ማልቀስ ሞትን በስሙ ጠርቶ መጋበዝ ነው። ዞር ሲሉ ግን፣ ለመንገድ ተብሎ የተቆረጠውን የገበያውን ዋርካ በመስኮት አዩት። "ይኸው ሟች" አሉና አወረዱት፦

ወፎቹ ሲመጡ ማደሪያ ፍለጋ፣
ምን ብዬ ልመልስ፣ የት ይደሩ እስኪነጋ?

አዛዡ "እናያለን" ብሎ ወደ ቤታቸው ሰደዳቸው።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ሸክላውን ከምሽጉ ላይ በድምፅ ማጉያ ለቀቀው። ስለ ዋርካው የነገረን የለም። እኛ የሰማነው፣ ልጇ የታሰረባት አልቃሽ ከዚያው ከምሽጉ ስታለቅስ ነው።

"አያሌውን! ወይኔ አያሌውን!" አለ አንድ ጨው ነጋዴ፣ ነጠላውን እያዘቀዘቀ። ገበያው ተከተለው።

አዛዡ ከላይ ሆኖ አየን። ይህ ሁሉ ሕዝብ በግጥም አለቀሰ ብሎ ልቡ ተነካ፤ አያሌውን ፍቱት አለ። ይህን የነገረን አስተርጓሚው ነው፤ ያውም ዘግይቶ። እኛ በየቤታችን እዝን አሰናድተን፣ ምግቡን በመሶብ ተሸክመን ወደ እናትየው መንገድ ጀምረን ነበር።

እትየ ይርገዱ ምስር ሲለቅሙ ደረስን።

"ምን ሆናችሁ?" አሉ።

"ወይኔ አያሌውን!" የሚለው ልቅሷችን መለሰላቸው። ለአገር ሁሉ የሚወርደው ግጥም ለአያሌው አልወርድ አለ። ሰፌዱን እንደ ያዙ ቀሩ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከታች በኩል የወንድ ልቅሶ ተሰማ፤ "እናቴን! ወይኔ እናቴን!" ከእናቱ ደጅ ያን ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው አይቶ፣ እንደ ወጉ ከሩቅ እያለቀሰ የሚመጣው አያሌው ነበር። እትየ ይርገዱ ሰፌዱን ጣሉት።

"አለሁ! አንተ ጉድ፣ አለሁ!"

ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኛ መሶቦቻችንን አቅፈን ቆመን ቀረን። እዝን ደግሞ ተመልሶ ቤት አይገባም፤ ክፉ ነገር ያስከትላል። ሽማግሌዎች ተመካከሩና እዚያው ይበላ አሉ።

አያሌውም ቁጭ ብሎ የራሱን እዝን በላ። ጨው አንሶታል አለ።