የእሁድ ጠያቂ

እሁድ እሁድ ሙዝ አንጠልጥዬ በባጃጅ ወደ ጪጩ ስሄድ የሚያዩኝ የዲላ ሰዎች «ደግ ሰው» ይሉኛል። እኔም አላርማቸውም። መልካም ስም ማን ይጠላል?

የምጠይቀው ጋሽ በራሶን ነው። ሃያ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል። ጡረታ በወጣ በዓመቱ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት አልጋ ላይ ዋለ። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ተጨናንቆ ነበር፤ መምህራኑ፣ የቸርቹ መዘምራን፣ ጎረቤቱ ሁሉ። ከዚያማ ያው ታውቁት የለ፣ ሰው ሥራ ይበዛበታል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እሁድ አልቀረሁም።

ለምን? ለእናንተ ያልነገርኩ ለማን ልንገር፤ ፈርቼ ነው።

ድሮ ጋሽ በራሶ ዳይሬክተር ሊሆን ጫፍ ደርሶ ሳለ፣ አስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ስም የሌለው ደብዳቤ ተገኘ። «ጠጥቶ ይመጣል» ይላል። ጠብታ ቀምሶ የማያውቅ ጴንጤ! ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ስሙን ሰረዙት። በግራ እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወንበሩን ለራሴ ፈልጌው ነበር፤ ለእኔም አልሆነ፣ ከሌላ ወረዳ ሰው አመጡ።

እና በየሳምንቱ እየሄድኩ ፊቱን አያለሁ። አውቆ ይሆን? ለሰው ቢናገርስ? አንዳንዴ ሳያውቅ ቢሞት እገላገል ነበር እላለሁ። እያሰብኩትም በራሴ አፍራለሁ።

ባለፈው እሁድ በጣም ደክሞ አገኘሁት። ሙዝ ልጬ ሳጎርሰው እጄን ያዘኝ።

«ያንን ደብዳቤ የጻፍከው አንተ ነህ እኮ» አለኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ያኔውኑ አሳይተውት ኖሯል። «ጽሕፈቱን አላወቅሁትም። ግን ‹ጠጥቶ› የሚለው ላይ በማስመሪያ ሁለት ቀይ መስመር አስምረሃል። እንደዚያ የሚያሰምር ከአንተ ሌላ ማን አለ?»

ሙዙ ከእጄ ወደቀ። ይቅር ብያለሁ እንዲለኝ ጓጉቼ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ብነግርህ ትመጣ ነበር? ሌሎቹ እንደሆኑ ቀርተዋል። አንተን ያመላለሰህ ፍርሃትህ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ናፈቀኝ።»

አለቀስኩ። ምንም ቢመጣ እንደማልቀርበት ምዬለት ወጣሁ።

ዛሬ እሁድ ነው። ከእንግዲህ የሚያስፈራኝ ነገር የለም። ይህንን የምጽፍላችሁም ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው፤ ሥራ በዛብኝ።