ገጹ ከከለከለህ አልፈሃል

(የሆስፒታል አንሶላ ማጠፊያ ክፍል። መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያ ሞልተዋል። ሁለት የነርስ ረዳቶች አንድ አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው ያጣጥፋሉ። አንዱን፣ ለሁሉም ነገር መልስ ስለማያጣ፣ ሊቁ ይሉታል። ሌላውን፣ በሁሉም ነገር ቀስ ስለሚል፣ ቀሴ። ከትናንት በስቲያ የነርስነት ፈቃድ ፈተና ወስደዋል፤ ውጤቱ የሚወጣው አርብ ነው።)

ሊቁ፦ ቁጥሩን ንገረኝ እንጂ፤ ስንት ላይ ዘጋብህ?

ቀሴ፦ ማን?

ሊቁ፦ ኮምፒውተሩ ነዋ። ስንተኛው ጥያቄ ላይ ነው በቃህ ያለህ?

ቀሴ፦ ሰባ አምስተኛው ላይ።

ሊቁ፦ (አንሶላውን ይለቃል) ሰባ አምስት?

ቀሴ፦ ምነው፣ በዛ?

ሊቁ፦ አነሰ እንጂ። ያ ማሽን ጥያቄውን እንደየሰው ያበዛል፣ ያሳንሳል፤ ቶሎ የሚዘጋው በሁለት ዓይነት ሰው ላይ ነው። ወይ በጣም ጎበዝ ነህ፣ ከዚህ በላይ መጠየቅ ምን ያደርጋል ብሎ ነው። ወይ ደግሞ ተስፋ ቆርጦብህ ነው።

ቀሴ፦ ከሁለቱ እኔ የትኛው ነኝ?

ሊቁ፦ እሱን አሁን በዘዴ እናውቀዋለን። አንሶላውን አንሳ።

ቀሴ፦ የለቀቅከው አንተ ነህ።

ሊቁ፦ አንሳ በቃ፣ ምን ያከራክራል። የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነበር ቀላል?

ቀሴ፦ ከባድ። ከሁሉም ያላበኝ እሱ ነው።

ሊቁ፦ እሰይ። የመጨረሻው ከከበደ አልፈሃል ማለት ነው፤ ይሄ የታወቀ ነገር ነው። ምን ይላል?

ቀሴ፦ "ፈተናውን ጨርሰዋል? እርግጠኛ ነዎት?" ይላል።

ሊቁ፦ እሱ እኮ ጥያቄ አይደለም።

ቀሴ፦ የጥያቄ ምልክት አለው። ሩብ ሰዓት አሰብኩበት። ሌላውን ሁሉ እርግጠኛ ሳልሆን መልሼ መልሼ፣ እዚህ ስደርስ "አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ" ብዬ ልዋሽ?

ሊቁ፦ እና ምን አደረግክ?

ቀሴ፦ እጄን አወጣሁ። ፈታኟ መጥታ "አዎ" የሚለውን ተጫነችልኝ።

ሊቁ፦ ኧረ የሰው ያለህ። ስማኝ ቀሴ፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። አንተ የመጀመሪያህ ነው፤ ብትወድቅ ትደግማለህ። እኔ ግን ሦስተኛዬ ነው። እዚህ ቤት ሦስቴ የወደቀ ረዳት ውሉ እንደሚቋረጥ ታውቃለህ። እስከ አርብ በዚህ ጭንቀት ከቆየሁ ሳልባረር እሞታለሁ።

ቀሴ፦ በፊት ሁለቴ ስትወድቅ ዘዴህ ምን ብሎህ ነበር?

ሊቁ፦ አልፈሃል።

ቀሴ፦ ሁለቱንም ጊዜ?

ሊቁ፦ ያ የድሮው ዘዴ ነው። የአሁኑ ዝንፍ አይልም። (ስልኩን ያወጣል) ድረ ገጹ ውስጥ ገብተን ለፈተናው እንደ አዲስ ለመመዝገብ እንሞክራለን። ገጹ ከከለከለህ አልፈሃል፤ ላለፈ ሰው ሌላ ፈተና ምን ይሠራለታል? እሺ ብሎ ከመዘገበህ ግን ወድቀሃል።

ቀሴ፦ እሺ ሲሉኝ ላዝን፣ እምቢ ሲሉኝ ልደሰት?

ሊቁ፦ አሁን ገባህ።

ቀሴ፦ እንዲህ ከሆነማ መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ትወደኛለች።

ሊቁ፦ መለያ ቁጥርህን አምጣ። በአንተ እንጀምር፣ የእኔን ለማየት ልቤ አልቻለም። (ይጽፋል፤ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ያነባል) "ምዝገባዎን መቀበል አልቻልንም።"

ቀሴ፦ ምን አጠፋሁ?

ሊቁ፦ አልፈሃል፣ አንተ ልጅ። ተከለከልክ እኮ።

ቀሴ፦ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተከልክያለሁ፤ እንዲህ ደስ ያለኝ ግን ዛሬ ነው። (አንሶላውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ይሽከረከራል) እማዬ ጋ ልደውል?

ሊቁ፦ ቆይ፣ የእኔን እንይ። እምቢ በለኝ፣ እባክህ እምቢ በለኝ። (ያነባል፤ ድምፁ ይወርዳል) "ምዝገባዎ ተሳክቷል። መልካም ዕድል።"

ቀሴ፦ በትህትና ነው የመለሰልህ ግን።

ሊቁ፦ ወደቅኩ። (የአንሶላ ክምር ላይ ይቀመጣል) ሦስተኛ። ቀሴ፣ እኔ ከዚህ ሥራ ሌላ የምወደው ነገር የለኝም። አልጋ ስድስት ያሉት አባባ ከእኔ እጅ ካልሆነ መድኃኒት አይውጡም። ማን ይሰጣቸዋል?

ቀሴ፦ እስከ አርብ ብንጠብቅስ?

ሊቁ፦ አርብ ሲስተር በሰው ፊት ጠርተው ሊያባርሩኝ? ክፍሉን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ አይምሩኝም። ከምባረር በክብሬ ልልቀቅ። (እየተናገረ ስልኩ ላይ ይጽፋል) "ክብርት ሲስተር፦ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ። ስሰናበት ግን እውነቱን ልንገርዎት። መርፌ ሲወጉ እጅዎ ይከብዳል። ቢሮዎ ያለውን አበባ በየቀኑ ውኃ ያጠጡታል፤ አበባው ግን ፕላስቲክ ነው።" ላክሁት።

ቀሴ፦ ፕላስቲክ ነው እንዴ?

ሊቁ፦ ዓመቱን ሙሉ ያላደገ አበባ ምን ይሆናል?

ቀሴ፦ እኔ እኮ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። ቀድሞ የተመዘገበንም ሰው ገጹ ይከለክላል?

ሊቁ፦ ይከለክላል። ሁለቴ አይመዘግብም።

ቀሴ፦ እንግዲያው እኔ ከፈተናው እንደወጣሁ ተመዝግቤያለሁ።

ሊቁ፦ ለምን ሲባል?

ቀሴ፦ መውደቄ ስለማይቀር ኋላ ግፊያ እንዳይሆን ብዬ።

ሊቁ፦ (ጭንቅላቱን ይይዛል) የእኔን ዘዴ አበላሸህብኝ። አሁን አንተን እንዴት አድርገን እንወቅህ?

ቀሴ፦ ሄጄ ልጠይቃ።

ሊቁ፦ ማንን?

ቀሴ፦ ሲስተርን።

ሊቁ፦ መጠየቅ ዘዴ አይደለም።

(ቀሴ አንሶላውን እንደተከናነበ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሊቁ ብቻውን ቀርቶ አንድ የትራስ ልብስ ሦስት ጊዜ ያጥፋል፣ ሦስት ጊዜ ይፈታል። ቀሴ እንደ ልማዱ ሳይጣደፍ ይመለሳል።)

ቀሴ፦ አልፈሃል።

ሊቁ፦ በየትኛው ዘዴ?

ቀሴ፦ በር አንኳኳሁ፣ ገባሁ፣ ጠየቅኋቸው። የስም ዝርዝሩ ዛሬ ጠዋት ደርሷቸዋል። ገጹ ላይ የሚገባው ግን አርብ ነው፤ እስከዚያ የመጣውን ሁሉ ይመዘግባል። ሁለታችንም አልፈናል።

ሊቁ፦ አንተም?

ቀሴ፦ እኔንም ገርሞኛል።

(ሊቁ ቀሴን ከነአንሶላው አንስቶ ያሽከረክረዋል። የመደርደሪያው ትራስ ሁሉ ይረግፋል። ድንገት ይቆማል።)

ሊቁ፦ መልእክቱ።

ቀሴ፦ ስገባ እያነበቡት ነበር። አበባው ጋ ደርሰዋል።

ሊቁ፦ አለቀልኝ። አልፌ ተባረርኩ። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ቀሴ፦ አልተባረርክም። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኳቸው።

ሊቁ፦ ምን?

ቀሴ፦ ስልክህን በድብቅ ወስጄ፣ ለቀልድ ብዬ ጻፍኩት አልኩ።

ሊቁ፦ እና አመኑህ?

ቀሴ፦ ወዲያው። "እኔም እሱን የሚያህል ሰው እንዲህ ያለ የጅል ነገር አይጽፍም ብያለሁ" አሉ።

ሊቁ፦ ቀሴ...

ቀሴ፦ ሁለት ሳምንት የሽንት ዕቃ አጣቢ አድርገውኛል። ደግሞ ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው ብለዋል። (ጉሮሮውን ይጠርጋል) ይቅርታ።

ሊቁ፦ (እንባውን በታጠበው አንሶላ ይጠርጋል) እሺ። ሁለተኛ እንዳይለምድህ።