ካስማ የተመታላት ጀልባ

የቆመ ነገር እንወዳለን። ቤቱ ቆመ፣ ድንኳኑ ቆመ፣ ሐውልቱ ቆመ እንላለን፤ ከቆመ በኋላ የት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። አንተም አትጠይቅም። ደግሞስ ቤት የት ይሄዳል?

እኔን ግራ ያጋባችኝ መሄድ የነበረባት ነገር ናት።

አጎቴ አያ ታረቀኝ ከመራዊ ወጣ ብሎ፣ ቆጋ ግድብ ዳር ይኖራሉ። የድሮ ግቢያቸው ደግሞ ውሃው ሥር ይኖራል። አይማረሩም፤ መስኖው ስንዴም ድንችም ሰጥቷቸዋል። ብቻ አንድ ነገር ያምራቸዋል፤ ወላጆቻቸው በኖሩበት ግቢ ላይ፣ ከውሃው በላይ፣ አንዴ ማለፍ። በደንገል ታንኳ እንዳይሄዱ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ዳር ላይ ግን ዓሣ ሊያጠና የመጣ ፈረንጅ ትቷት የሄደ፣ ምሰሶዋ የተሰበረ አሮጌ የሸራ ጀልባ ነበረች።

እኔ ወዳለሁበት ፍኖተ ሰላም ደወሉልኝ። «አንተ ተምረሃል፤ ና ምሰሶ አቁምልኝ።»

የተማርኩት ታሪክ ነው። ሄድኩ።

ከጓሯቸው ቀጥ ያለ ባህር ዛፍ ተቆረጠ። «ዕድሜውን በስሙ ብቻ ኖሮ፣ ዛሬ ገና ባህር ሊያይ ነው» አሉ አያ ደሴ። አያ ደሴ የዕድሩን ድንኳን የሚተክሉ ሰው ናቸው። እኔ በስልኬ ቪዲዮ ከፍቼ የትኛው ገመድ ወደ ፊት፣ የትኛው ወደ ጎን እንደሚታሰር ሳጠና ኔትወርኩ ጠፋ። ገመዶቹ እጄ ላይ ቀሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

«ወዲያ በል የኔ ልጅ» አሉ አያ ደሴ። «የአገሩን ሠርግና ለቅሶ በሸራ ያለበስኩ ሰው ይቺ ታቅተኛለች?»

አላቃታቸውም። ምሰሶው ተተከለ፤ ገመዱ በቀኝም በግራም እንደ ክራር ተወጠረ። እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። አጎቴ ጋቢያቸውን ደርበው ገብተው ተቀመጡ፤ ሸራው ወጣ፤ ነፋስ ሞላው፤ ጀልባዋ ሲጥ አለች።

አልሄደችም።

«ነፋሱ አንሶ ነው» አሉ አያ ደሴ። ተምሯል የተባልኩት እኔም ተስማማሁ። ነፋሱ በረታ፤ የአጎቴን ባርኔጣ ወሰደ። ጀልባዋ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ደሴ» አሉ አጎቴ ከውስጥ፣ «ካስማውን የት ነው የመታኸው?»

«መሬት ላይ ነዋ። ታዲያ ውሃ ላይ ይመታል?»

ካስማዎቹ ሲመቱ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

ገመዶቹን ፈተን በጀልባዋ ጠርዝ ላይ በችኮላ አሰርን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያሉ አጉረመረሙ አያ ደሴ፤ ቢሆንም ከእኛ ጋር ገቡ። ምሰሶው ትንሽ ዘመመ። ጀልባዋም ዘመም እያለች ሄደች።

መሃል ላይ ስንደርስ አጎቴ ወደ ቀኝ አዩ። ወደ ግራ አዩ። ዋርካው የለም፣ መንገዱ የለም፣ የጎረቤት አጥር የለም። በሁሉም በኩል ያው ውሃ ነው።

«ግቢዬ የቱ ጋ ነበር?»

አያ ደሴ ወደ ፀሐይ መውጫ ጠቆሙ። እኔ በልጅነቴ የመጣሁበትን አስታውሼ ወደ ሌላ ጠቆምኩ። ነፋሱ ሁለታችንንም ሳይሰማ በራሱ በኩል ወሰደን። አጎቴ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ ቆዩ።

«እዚህ ነው እንበል» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ዞር ብለው፣ «ደሴ፣ ካስማ አልያዝክም?»