ከነሻሹ የተለካ ራስ

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የራሳችሁን ልክ ታውቃላችሁ? የጫማችሁን ቁጥር ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ከእንቅልፋችሁ ቀስቅሰው ቢጠይቋችሁም ትናገራላችሁ። የወገባችሁንም ልብስ ሰፊው ባይነግራችሁ ቀበቶው ይነግራችኋል። ራስን ግን ማንም አይለካውም። ኮፍያ ስንገዛ እንኳ አናታችን ላይ ጣል እናደርግና ሻጩ «ልክሽ ነው!» ካለ ልካችን ነው ብለን ይዘን እንሄዳለን። «አይሆንሽም» ያለ ሻጭ ደግሞ እኔ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

እኔ ጭራሽ መለካት የማይወደድበት ቤት ነው ያደግሁት። ልጆች ሆነን ቁመታችንን ግድግዳ ላይ በከሰል ስናሰምር እናቴ ካገኘችን በእርጥብ ጨርቅ ፈግፍጋ ታጠፋው ነበር። «ሰው የሚለካው ተኝቶ ነው፤ ያውም አንዴ!» ትለን ነበር። ለሬሳ ሳጥን ማለቷ ነው። ይኸው ዛሬ የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ፣ ስንት ነገር ለተማሪ አስረድቼ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቴ አካባቢ ሲደርስ ወደ ኋላ እሸሻለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምኖረው ጭሮ ነው፤ እናቴ እስካሁን «አሰበ ተፈሪ» ነው የምትላት። ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ ጊዜ አንድ ዓመት አገልግዬ እዛወራለሁ ብዬ ነበር፤ ከተማዋ ግን ለመደችኝ። ባለፈው ክረምት ጡቴ ላይ ሽንብራ የምታህል ነገር ዳሰስኩ። ሐኪሙ ስሟን በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ እኔም በአማርኛ እንዲደግመው አልጠየቅኩትም። እሷ በቀዶ ጥገና ወጣች፤ ከዚያ ሐረር እየተመላለስኩ የምወስደው መድኃኒት መጣ። አንድ ቀን ራሴን ስታጠብ ጸጉሬ ከውሃው ጋር እጄ ላይ ቀረ። ሳሙናውን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። በሽታዋን የፈራሁት ያኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሌላ ሰው ሕመም ትመስለኝ ነበር።

መስታወቴን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሻሽ ማሰር ጀመርኩ። ሻሽ ደግሞ በኛ ከተማ ዝም ብሎ ጨርቅ አይደለም። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ግማሹ «ሰልማለች» ሲል፣ ግማሹ «ልትመነኩስ ነው» አለ። አንዱ በረመዳን ቴምር አመጣልኝ፤ ሌላዋ ደግሞ ወደ ጥግ ስባኝ የትኛው ገዳም እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለቱንም አመሰገንኩ። ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው እንኳ እውነቱን አልገመተም፤ ለኔ ዋናው እሱ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን እናቴ እንዳታውቅ ነበር የምፈራው። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ እትዬ ሙሉ፣ በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው። ያስታመመቻት እናቴ ናት። የረገፈውን ጸጉር ጠዋት ጠዋት ከትራሷ ላይ የለቀመችው እናቴ ናት። ስለዚህ የኔን ራስ አንዴ ካየች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። የደም ግፊት መድኃኒት የምትውጥ ሴት ናት፤ የኔን ሬሳ በዓይነ ኅሊናዋ እያየች ስትወድቅ ታየኝ። በስልክ «ጉንፋን ነው»፣ «ፈተና እያረምኩ ነው»፣ «ኔትወርክ የለም» እያልኩ ስንት ወር ገፋሁ።

የተያዝኩት በቅቤ ነው። ከደሴ ሰው በመጣ ቁጥር «ለጋ ቅቤ ላኪልኝ» እያልኩ እናቴን መነዝነዝ ልማዴ ነበር። እዚህ ጭሮ ቅቤ ጠፍቶ አይደለም፤ የሷን ካልተቀባሁ ጸጉሬ የተቀባ አይመስለኝም። በዚህ ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከዚያ ሊመለስ ሲል እናቴ ራሷ ደውላ «ልስጠው ወይ?» አለችኝ። እኔም ብልጥ መሆኔ ነው፣ «እማዬ፣ ቅቤ እንዳትልኪ፤ ተማሪዎቹ ይሸታል ይሉኛል» አልኳት። እሷም «እሺ» አለች። ብዙም ሳትቆይ መልሳ ደወለች። «ልመጣ ነው።»

ሰው እናቱ ልትመጣ ስትል ደስ ይለዋል አይደል? እኔ ስልኩን ዘግቼ በሩን ቆለፍኩ።

ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ዘይነብ እዚያው ትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞ ታስተምራለች። መታመሜን የነገርኳት ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች፤ ራሴን ግን ለሷም አላሳየኋትም። «ዊግ ነው መፍትሔው» አለች። ድሬዳዋ የምትሸጥ ሴት በስልክ አገኘችልኝ። ሴትየዋ የራሴን ዙሪያ በሴንቲ እንድልክላት ጠየቀች፤ ከግንባር ተነስቶ፣ ከጆሮ በላይ አልፎ፣ ማጅራት ዞሮ ይለካል አለች። ዘይነብ ሜትር ተውሳ መጣች።

«ሻሹን አውልቂ።»

«በላዩ ለኪ።»

«በላዩ ምን ይለካል? ሂን ሶዳቲን፣ እኔ ነኝ እኮ!» አትፍሪ ማለቷ ነው። ፍርሃት ግን በኦሮምኛም በአማርኛም አትፍሪ ሲሉት አይሰማም። ሻሹን በሁለት እጄ ጨብጬ «በላዩ!» አልኩ። የሻሹ ቋጠሮ ከኋላ እንደ ሎሚ አብጧል። ሜትሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ግንባሬን ሲነካኝ የእናቴ «ተኝቶ ነው» ጆሮዬ ላይ ደወለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ዘይነብ «ያ ረቢ» ብላ ቁጥሩን ላከች።

ሴትየዋ ወዲያው ደወለች። «አቦ እህቴ፣ በደንብ ለክተሽዋል? ይሄ እኮ ራስ ሳይሆን ሐብሐብ ነው!»

«ልኬ ነው» አልኩ ኮስተር ብዬ። ታዲያ ምን ልበል?

ዊጉ መጣ። ጥቁር፣ ትከሻ የሚደርስ፣ ግንባር ላይ የሚወርድ አጭር ጸጉር ያለው፣ ያማረ ነው። ቀና ስል ደህና እመስላለሁ፤ ጎንበስ ስል ቅንድቤ ላይ ይወርዳል፤ ዞር ስል እሱ ወደፊት እያየ ይቀራል። ከሥር ሻሽ ባስር ዳር ዳሩ ወጣ፤ ደግሞ ሐር ነገር ስለሆነ ይባስ አንሸራተተው። በጸጉር ማስያዣ እንዳልይዘው፣ ማስያዣው የሚይዘው ጸጉር የለም። አስለውጬ ሌላ ላስመጣ ብል እናቴ መንገድ ላይ ናት።

መናኸሪያ የሄድኩት በባጃጅ ነው። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። አናቴን በመዳፌ ተጭኜ ስሄድ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶ «ራስሽን ነው እንዴ የሚያምሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። በዚያ ሳምንት ከአፌ የወጣው እውነት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አውቶቡሱ ቆመ። እናቴ በዘንቢል ታጅባ ወረደች። እናቴ ስታገኘኝ መጀመሪያ የምትነካው ጸጉሬን ነው፤ «አደገ? ተሰባበረ? ማነው እንዲህ የሠራሽ?» ሳትል ጉንጬን አትስምም። ስለዚህ አንገቴን እንደ ወታደር አቅንቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። እጇ ተነሳ። አናቴ አጠገብ ደረሰና ወደ ትከሻዬ ወረደ። አቅፋ ሳመችኝ፤ ስለ ጸጉሬ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ተመስገን አልኩ። ሁለት እርምጃ ሳንሄድ ግን ለምን አልነካችኝም የሚለው መጣብኝና ዊጉን እንደገና በመዳፌ ተጫንኩት።

ቤት ገብተን ዘንቢሉን ፈታች። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ። ዘይነብ እየሮጠች መጥታ «እንኳን ደህና መጣሽ እማማ!» አለቻት፤ እናቴ አንቱታው መቅረቱን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ሳመቻት። እኔ ዘንቢሉን ነበር የማየው። ቅቤ የለም። አታምጪ ብያለሁ፤ አላመጣችም፤ ሊከፋኝ አይገባም ነበር። ዘይነብ ወጣች። እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን መስታወት አየች፤ እኔን አየች።

«ሰብልዬ፣ መርፌና ክር አለሽ?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ሰፍቶሻል። አምጪው ላጥብበው።»

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ውሸት ሁሉ፣ ጉንፋኑም ፈተናውም ኔትወርኩም፣ አንድ ላይ ጠፋኝ። «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ። ቅቤ አትላኪ ብለሽ።» ነጠላዋን እንደገና አጣጠፈች። «ሙሉም መጀመሪያ ያለችኝ እሱን ነው፤ ቅቤው ሸተተኝ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እዚያ ሆኜ ልጠይቅሽ ብዬ ፈራሁ። ማወቄን ብታውቂ ትሰበሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

አያችሁ? እኔ እሷን እፈራለሁ፣ እሷ እኔን ትፈራለች፣ በመካከላችን ቴሌ ይበላል።

ዊጉን አወለቅኩት። ሻሹንም። ራሴን ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔም ካየሁት ቆይቻለሁ። እናቴ አላለቀሰችም። ያቀበልኳትን ክር ስባ ግንባሬ ላይ አኖረች፣ ከጆሮዬ በላይ አሳለፈችና ማጅራቴ ጋ ገጠመችው። የተገጣጠመበትን በጥፍሯ ቆንጥጣ ያዘችው።

«ሰው በቁሙ አይለካም ትዪ አልነበር?» አልኳት፣ አንድ ነገር ማለት ስለነበረብኝ።

«የለካሁት ራስ ነው እንጂ ሰው አይደለም» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ዊጉን ገልብጣ፣ ዙሪያውን አጥፋ፣ እያንሾካሾከች ሰፋችው፤ እኔን ይሁን እመብርሃንን ስታናግር አልለየሁም። ሲያልቅ አጠለቀችልኝና «ጎንበስ በዪ» አለች። ጎንበስ አልኩ። አልወረደም።

ከዚያ ዘንቢሉን ጎተተች፤ ከበሶው ሥር እጇን ከታ በፌስታል የተጠቀለለ ክዳን ያለው ዕቃ አወጣች። ለጋ ቅቤ። «ቀድመሽ ብታዪው ትደነግጫለሽ ብዬ ነው የደበቅሁት። ይቀመጥ። ይበቅል የለ?» አለች። መጨረሻውን እንደ ጥያቄ ነው ያለችው፤ ክዳኑን ግን አጥብቃ መልሳ ገጠመችው።

እናቴ ወደ ደሴ ተመልሳለች፤ ሐረር መመላለሱ አላበቃም። ቅቤው ዘይነብ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ፍርሃቱ ቀለለሽ ወይ ብትሉኝ ቦታ ቀየረ እላችኋለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ከመፈለጌ በፊት በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ «ዘይነብ፣ ፍሪጁን እንዳትከፍቺ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ቅቤው ለጋ ሳለ ጸጉሬ ካልደረሰለት እናቴ ሌላ ይዛ ትመጣለች፤ ያኔ ደግሞ እስከዚያ ቆይቼ ከነዘንቢሏ መናኸሪያ የምቀበላት እኔ መሆን አለብኝ።