መሃል ውሃ ላይ የቆመው እንቁላል

ሰው ውሃ ውስጥ ድንጋይ ሲጥል ምን እንደሚያይ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤያለሁ። ምንም አያይም። ውሃው ቦጭ ይላል፣ ቀለበት የመሰለ ነገር ወደ ዳር ይሰፋል፣ አለቀ። ድንጋዩ ሲገባ ውሃው እንዴት እንደተከፈተለት፣ ዙሪያውን እንዴት እንደ ዘውድ እንደተነሳ፣ ስንት ጥቃቅን አረፋ አስከትሎ እንደወረደ ያየ የለም። ከተወለድን ጀምሮ ውሃ ስንቀዳና ስንደፋ ኖረን፣ ውሃ ምን እንደሚሠራ ግን አናውቅም። ዓይናችን ቀርፋፋ ነው። ፍላሽ ግን ቀርፋፋ አይደለም፤ ብልጭ ባለባት ቅጽበት ውሃውን በአየር ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ይሄን አንድ ቀን ስልኬ ላይ አየሁና ያዘኝ። እንደ ጉንፋን ነው የያዘኝ፤ እንቅልፍም አሳጣኝ።

መካነ ሰላም ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ፎቶ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ የገዛ ቤቴ ሳሎን ነው። ሶፋው ወደ ግድግዳ ሲገፋ ስቱዲዮ ይሆናል፣ እንግዳ ሲመጣ ተመልሶ ሳሎን ይሆናል። ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ተማሪ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ፣ ሥራ ፈላጊ። ከጠዋት እስከ ማታ «ቀና በል፣ አትሳቅ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታዲያ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና በል የማልለው ነገር ባነሳ ምን ይለኛል?

መስታወት ቆራጩ ጋ ሄጄ አራት ጎንና አንድ መቀመጫ አስቆርጬ በሲሊኮን አስጣበቅኩ። «ለዓሣ ነው?» አለኝ። «ለሎሚ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም።

ሎሚው ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። እንደኛ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ገንዳ ሙሉ ንጹሕ ውሃ ሎሚ ሊጣልበት ነው ብሎ ለሚስት ማስረዳት በራሱ ሙያ ነው። ደግሞ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ መስታወቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይለጥፋልና ማሳደር ያስፈልጋል። ፍላሾቹን ከፊት ብትደቅኗቸው መስታወቱ የራሳችሁን ፊት ያሳያችኋል፤ ስለዚህ በግራና በቀኝ ታቆማላችሁ፣ ፊታቸውን በነጭ ወረቀት ትሸፍናላችሁ፣ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ትሰቅላላችሁ። ከዚያ በአንድ እጅ ሎሚ፣ በአንድ እጅ ካሜራ። ሎሚው ሲወድቅ ፎቶው የለም፣ ፎቶው ሲኖር ሎሚው የለም። ሶፋው ረጠበ፣ ምንጣፉ ረጠበ፣ ባለቤቴ እናቷ ጋ ደወለች። በመጨረሻ ግን ወጣ! ሎሚው ብር የመሰለ አረፋ ለብሶ ሲወርድ አየሁት። ወላሂ ከደስታዬ ብዛት ለብቻዬ አጨበጨብኩ።

ሰው መቼም በቃኝ አያውቅም። ከሎሚ ወደ ቃሪያ፣ ከቃሪያ ወደ እንቁላል ዘለቅኩ። እንቁላሉ ላይ የፈለግኩት መውደቁን አልነበረም፤ ወለሉንም ላዩንም ሳይነካ መሃል ውሃ ላይ ቆሞ እንዲታይ ነበር። ዘዴው ጨው ነው። የገንዳውን ግማሽ ጨው በበዛበት ውሃ ትሞላላችሁ፣ ከላይ ንጹሑን ውሃ ቀስ አድርጋችሁ ታፈስሳላችሁ። ጨዋማው ከብዶ ከታች ይቀራል፣ እንቁላሉም ንጹሑን ጥሶ ይወርድና ጨዋማው ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ዓይናችሁ ግን ሁለቱን ውሃ አይለይም። የቤቱን ጨው ጠራርጌ ጨረስኩ፤ በሁዳዴ፣ ጨው የሌለው ሽሮ እየበላን ማለት ነው። ፎቶው ግን በጨለማ ላይ ብቻዋን የወጣች ጨረቃ መሰለ። ገጼ ላይ ለጠፍኩት። ሥርዓት የማውቅ ሰው ነኝና ከሥሩ «እንቁላሉ ከጎረቤቴ ከእትዬ አስናቀች» ብዬ ጻፍኩ።

ያቺን አንዲት መስመር ስጽፍ ምነው እጄን በቆረጠው!

እኛ አገር እንቁላል በውሃ እንደሚፈተን ረስቼ አይደለም፤ አለማሰቤ ነው። ውሃ ውስጥ ከሰመጠ ደህና ነው፣ ከተንሳፈፈ የተበላሸ ነው። ይሄን የማያውቅ ገዢ የለም። ሰዉ ፎቶዬን ሲያይ ጨረቃ አላየም፣ ያልሰመጠ እንቁላል ነው ያየው። «መሃል ላይ ከቆመ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው» አለ አንዱ። ሌላዋ ቀጠለች፤ «ከቅበላ ጀምሮ ሲጠራቀም የከረመ ይሆናላ! ጾም ነው፣ ማን ይበላዋል?» ወሬው በአንድ ቀን ወረኢሉ ደርሶ፣ እዚያ ያለች የአክስቴ ልጅ ደውላ «ለፋሲካ ከዚያች ሴትዮ እንዳትገዙ» ብላ እኔኑ አስጠነቀቀችኝ።

በገበያው ቀን ከሰዓት እትዬ አስናቀች መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ቅርጫታቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው፣ «አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ?» አሉኝ።

ቅርጫቱ ጠዋት እንደወጣ ሞልቶ ተመልሷል። እትዬ አስናቀች ባል ከሞተባቸው ወዲህ የሚኖሩት በዶሮዎቻቸው ነው፤ የዓመቱን ሥራ የሚሠሩት ደግሞ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ እንቁላል በሚፈለግበት በዚህ ሳምንት ነው። «የሚያልፈው ሁሉ ስልኩን እያሳየኝ ነው የሚያልፈው» አሉ። «የቀረኝ አንድ ገበያ ነው። እሱም እንደዛሬው ከሆነ ምን ልሆን ነው?» ድምፃቸው ተሰበረ። አፈርኩ።

ነገሩን ሰምታ ከመናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ያላት ዘይነባ ደረሰች። ከኋላዋ ጎረቤቱ ግቢዬን ሞላው። «ጾሙን ሙሉ፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ፣ ዶሮዎቹ የጣሉትን በየቀኑ ለኔ ነው ያመጡት! ምኑን አጠራቀሙት?» ብላ ተሟገተች። «አንቺማ ደንበኛቸው ነሽ» አሏት። አንዱ «ፎቶ የተነሳው እንቁላል ይሰበርና ይታይ» አለ። ባለቤቴ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላዋለች፤ እንቁላል ደግሞ እንደ ጉርድ ፎቶ ጀርባው ላይ ስም አይጻፍበትም።

ምን ላድርግ? ገንዳውን ወደ ግቢው አወጣሁ። ንጹሕ ውሃ ሞላሁና ከቅርጫታቸው አንድ አንሥቼ ጣልኩ። ሰመጠ። ከዚያ ከሱቅ ያስመጣሁትን ጨው እየበተንኩ አማሰልኩ። ያው እንቁላል ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ከወለሉ ለቀቀ፣ ሽቅብ ወጣ። «ያ አላህ!» አለች ዘይነባ፤ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። እትዬ አስናቀች ግን አልተገረሙም፣ ተናደዱ። «እና አንተ ይሄን እያወቅክ ነው ስሜን የጻፍከው?»

ጨዋማውን ውሃ መድፋት ጀመርኩ።

«እንግዲያው የሰመጠውንም ፎቶ አንሣልኝ» አሉ። አነሳሁላቸው። ሁለት ፍላሽ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ገንዳው ወለል ላይ የተኛ እንቁላል። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያስተኛ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም። የጨዉን ነገር ከሥሩ በዝርዝር ጽፌ ለጠፍኩት፤ ሰው እውነቱን ካወቀ ይበቃዋል ብዬ።

እናንተዬ! ጨው በጨው የሆነውን ፎቶ ሁሉም አምኖት፣ ምንም ያልተጨመረበትን «ኤዲት ነው» አሉት! «ተለምኖ ያነሳው ነው» አለ ደግሞ አንዱ። እሱስ እውነቱን ነው፣ ተለምኜ ነው። ግቢዬ የነበሩት ቢመሰክሩም ግቢዬ ስንት ሰው ይይዛል? እትዬ አስናቀች አስተያየቱ ሲነበብላቸው ሰሙና ስልኩን ገፋ አድርገው፣ «ፎቶህ ይቅርብኝ፤ ገንዳውን ተሸከም» አሉኝ።

በመጨረሻው ገበያ ጠዋት የፎቶ ቤቱ ባለቤት ገንዳ ታቅፌ ከተማውን አቋርጬ ሄድኩ። ያየኝ ሁሉ ይስቃል። ሸቀጣቸው መሃል ጉልቻ ላይ አስቀምጠን ንጹሕ ውሃ ሞላንበት፤ መሬቱ ወጣ ገባ ነበርና እንዳይገለበጥ ጎኑን ደግፌ ቆምኩ። ሰው መክበብ ጀመረ። «ውሃው ጨው አለበት!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ገንዳውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። እትዬ አስናቀች ቀስ ብለው ዞር አሉና፣ «አብሽር» አሉኝ፤ እኔን!

ኩባያ አወጡ። ከገንዳው ቀዱ። ሕዝብ እያያቸው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ግጥም አደረጉት። ለጮኸውም ሰውዬ ቀድተው አቀበሉት፤ ጠጣና ዝም አለ። ከዚያ እንቁላል ጣሉ። ሰመጠ። ሌላ ጣሉ። ሰመጠ። አንዲት እናት «ለኔ ቁጠሩልኝ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ግፊያ ነው የሆነው፤ ገንዳውን በሁለት እጄ ካልያዝኩት ይሰበር ነበር። ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን እትዬ አስናቀች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በዚያ መሃል አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ኖሯል። ፍላሽ የለው፣ ጥራት የለው፤ ግማሹ የድንኳን ሸራ ነው፣ እትዬ አስናቀችም ኩባያውን ሲያነሡ እጃቸው ተወዛውዞ ደብዝዟል። አገር ምድሩ ተቀባበለው። «ፎቶ ማለት ይሄ ነው!» እየተባለ የኔው ገጽ ላይ ሳይቀር መጣ። ኤዲት ነው ያለ አንድ ሰው የለም።

ብታገኙት ልብ ብላችሁ እዩት። ከግራ በኩል፣ ከገንዳው ጎን የሚታየው ክርን የኔ ነው።