ጥፋቱ ሁልጊዜ የእማማ ነው

ባለፈው ግንቦት፣ በአሶሳው ኮሌጃችን ዐውደ ርዕይ፣ በእንግዶች ፊት ያዋረደኝ ኢንጂነር ተስፉ ነው። ሥራው ሲበላሽ አጠገቡ የቆመውን የሚከስ ሰው አላጋጠማችሁም?

ኤሌክትሪክ ሲጠፋ፣ ለእንግዶች ሊያሳያቸው በተራ በተራ እንዲበሩ የሠራቸውን ስምንት ኤልኢዲ አምፖሎች፣ ተራ ከሚያስይዛቸው ቺፕ ከሺፍት ሬጂስተሩ ጋር፣ ወደ ሞተር ሳይክል ባትሪ አዞረ፤ የሚያዛቸው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ግን ከላፕቶፑ ኃይል እያገኘ ቀረ። ኤልኢዲዎቹ እንዳሻቸው ብልጭ ድርግም አሉ።

«እማማ አቧራ ሲጠርጉ ነካክተውት ነው!» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ሃያ ዓመት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ መጥረጊያ የያዝኩት መቼ ነው?

«ልጄ፣ የባትሪውንና የማይክሮኮንትሮለሩን ኔጌቲቭ አገናኝተሃል? ካልተገናኙ ትእዛዙ ተዛብቶ ነው የሚደርሰው» አልኩት።

«ይሄ የኮድ ነገር ነው እማማ፣ የጓዳ አይደለም!»

እንግዶቹ ሳቁ። የኮሌጁ ዲንም እሱን አምነው፣ የላቦራቶሪውን ቁልፍ እንዳስረክብ እጃቸውን ዘረጉ።

አንዲት ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ ሰካሁ። ስምንቱም በተራ በተራ በሩ። ዲኑ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ ወዲህ ለተስፉ የላቦራቶሪውን በር የምከፍተው በጽሑፍ ሲያመለክት ብቻ ነው።