ሁለቱን ወርዋሪዎቻችንን አንሰጥም

ሰው ስለማያውቀው ነገር ሲከራከር ድምፁ ይበልጥ ከፍ ይላል። ይህን ራሴ ላይ አይቼ ነው የምነግራችሁ። ስለማውቀው ነገር፣ ለምሳሌ ስለ ፎርክሊፍት አነዳድ፣ አንድ ሰው ፊቴ ላይ ቢሳሳት ዝም ብዬ አልፈዋለሁ። ስለ ቤዝቦል ሲሆን ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ካልተናገርኩ ምሳዬ አይወርድልኝም። ቤዝቦልን ደግሞ ያወቅሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ አሜሪካ መጥቼ ኮሎምበስ ከተማ ከገባሁ በኋላ ነው። አትፍረዱብኝ። እናንተም እግር ኳስ ስታዩ ከአሠልጣኙ የበለጠ እንደምታውቁ ጎረቤቶቻችሁ ነግረውኛል።

ለማንኛውም፣ ነገሩ የሆነው ኮቪድ በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2021 ሰመር ላይ ነው። ሊንደን የሚባለው ሰፈራችን ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችና ወጣት የነበሩ ሰዎች ተሰብስበን፣ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ በሚጫወትበት የቅዳሜ ቤዝቦል ሊግ ውስጥ ገባን። ቡድናችንን «ሊንደን» ብቻ ነው የምንለው፤ ሌላ ስም ለማውጣት ደጋግመን ተሰብስበን መስማማት ስላቃተን። ተጫወትን፤ ተሸነፍን። አረፍ ብለን እንደገና ተሸነፍን። ከጨዋታ በፊት ክብ ሠርተን ስንጸልይ ያዩን ተጋጣሚዎቻችን ታክቲክ የምንመካከር ይመስላቸው ነበር። ብዙም አልተሳሳቱም፤ ሌላ ታክቲክ አልነበረንም።

ይሁንና ሁለት ፒቸሮች ነበሩን። ለማታውቁት ላስረዳ፦ አንድ ሰው መሐል ላይ ቆሞ ኳስ ይወረውራል፤ ከተጋጣሚው ቡድን አንዱ በዱላ ሊመታት ይሞክራል። ወርዋሪው ነው ፒቸር የሚባለው። የእኛዎቹ፣ ሔለንና ሙሉጌታ፣ እየተፈራረቁ ሲወረውሩ የሌላው ቡድን መቺዎች አየር ሲገርፉ ይውላሉ። ችግራችን፣ የመምታቱ ተራ የእኛ ሲሆን እኛም አየር መግረፋችን ነው።

ሔለን ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶችን ትንከባከባለች። በሽታው የገባ ሰሞን ሰው ሁሉ ፈራት፤ እሷም ሰው እንዳላስይዝ ብላ አፓርታማዋ ውስጥ ራሷን አገለለች። ሥራና ቤት፣ ሥራና ቤት። ፊት ለፊቷ የሚኖረው ሙሉጌታ የክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን የሆነ ሰው የጣለውን የቤዝቦል ጓንትና ኳስ አንሥቶ ከመስኮቷ ሥር ቆመና ተጣራ።

«ሔሉ! ውጪና ኳስ እንወራወር። እኔ ከፓርኪንግ ሎቱ ወዲያኛው ጫፍ እቆማለሁ። ኮቪዱ እዚያ ድረስ ከመጣ እኔው ራሴ ኳስ አቀብለዋለሁ።»

ወጣች። እኔም እዚያው ግቢ ስለምኖር በመስኮት አያቸው ነበር። መጀመሪያ ኳሷ መኪና ሥር ስትገባ፣ መኪና ሥር ስትገባ ነው የዋለችው። በኋላ ሔለን ከምትንከባከባቸው አዛውንቶች አንዱ፣ በወጣትነታቸው ፒቸር የነበሩ ሰውዬ፣ ጣት እንዴት እንደሚቀመጥ በምሳቸው ብርቱካን አሳዩዋት። ማታ መጥታ ለሙሉጌታ አሳየችው። ከዚያ ወዲያ ኳሷ መኪና ሥር መግባት ተወች። ዓመቱን ሙሉ ሳይጠጋጉ እንዲህ ሲያወሩ ከረሙ። ከሽማግሌዎቿ አንዱ የሞተባት ቀን የሔለን ኳስ ትፈጥናለች፤ ሙሉጌታ ምንም አይጠይቅም፣ ይቀልባል።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች ነው ቤክስሊዎች የጠየቁን።

ቤክስሊን ታውቋት እንደሆን፣ ኮሎምበስ ዙሪያዋን ከብቧት የራሷን ከንቲባ ይዛ የምትኖር፣ ዛፎቿ እንኳ ጠዋት ጠዋት የሚበጠሩ የሚመስሉ ትንሽ ከተማ ናት። የቡድናቸው አለቃ ዴቪድ የሚባል የጥርስ ሐኪም ነው። ደግ ሰው ነው፤ እያሸነፈን እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። አንድ ቅዳሜ እንደልማዳችን ስንሸነፍ ወደ አለቃችን ወደ ጋሼ ታደሰ መጥቶ፣ ሁለቱን ፒቸሮች ብንሰጠው አራት ጎበዝ መቺዎች እንደሚሰጠን ነገራቸው። ሊጉ ውስጥ ይህ የተፈቀደ ነው፤ ትሬድ ይሉታል። መጨረሻ የወጣ ቡድን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ቦታውን ለሌላ ይለቃል። እኛ የት እንደነበርን መናገር አያስፈልገኝም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቀረን። ጋሼ ታደሰ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ስለሚሠሩ ማን ገብቶ ማን መውጣት እንዳለበት መወሰን ለምደዋል።

«ወገኖች፣ ስሜቱን እንተወው» አሉ። «በሁለት ሰው አራት ሰው። ይሄ ይጎዳል? መምታት ከቻልን ሊጉ ውስጥ እንቆያለን። ካልሆነ ሁላችንም ቤታችን ነን።»

ግማሹ ሰው በመስማማት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔ ተነሣሁ። መቼም ታውቁኛላችሁ።

«አንሰጥም!» አልኩ። «ሊንደን ውስጥ አንድ ጥሩ ነገር ብቅ ሲል ወዲያው ዕቃውን እንዲሸክፍ ነው የሚጠበቀው። ጎበዙ አስተማሪ ይሄዳል። ጥሩው ሱቅ ይሄዳል። ከመካከላችን ደመወዙ ከፍ ያለው ሰው ይሄዳል፤ ሲሄድም 'ለልጆቹ ስል ነው' ይለናል፣ የእኛዎቹ ልጆች እንዳልሆኑ ሁሉ። አሁን ደግሞ ክንዳችንን? ይኼ ሰፈር የሰው መነሻ ብቻ ነው ያለው ማነው?»

ጥሩ ተናግሬ ነበር። ባለቤቴ ራሷ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ ታደሰ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሔለን ናት። «ይቅርታ፣ እኛ እኮ እዚህ ነን።»

ሁላችንም ወደ ኋላ ዞርን። ለካ ስንሰጣቸውም ስንከለክላቸውም እንደሌሉ አድርገን ነው።

«አውቃለሁ ልጄ፤ ለእናንተም ይሻላል ብዬ እኮ ነው» አሉ ጋሼ ታደሰ።

«ምን እንደሚሻለኝ ማንም አልጠየቀኝም። ሰው ሁሉ በሸሸኝ ጊዜ ከዚህ ሰውዬ ጋር ኳስ ስወራወር፣ ማን መረጣችሁ፣ ማን አሸነፈ ያለን የለም። እኔ የትም አልሄድም። ከሊጉ ካስወጡን ፓርኪንግ ሎቱ አለልን።»

«አሜን!» ብዬ ጮኽኩ። ያኔ ነው ሙሉጌታ ጉሮሮውን የጠረገው።

«እኔ ግን ... መሄድ እፈልግ ይሆናል።»

ቀስ ብዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቀኑን ሙሉ የሚሰድበኝን ተሳፋሪ ዝም ብዬ ሳደርስ እውላለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ቅዳሜ እመጣና እሸነፋለሁ። አንድ ቀን ማሸነፍ ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝ። ኃጢአት ነው?»

ኃጢአት አልነበረም። ሔለን ቦርሳዋን አነሣች።

«ሂድ እንግዲህ» አለችው። «አልይዝህም።»

ሁልጊዜ በእሱ መኪና ነበር የምትመለሰው። የዚያን ቀን በአውቶቡስ ሄደች።

ዴቪድ ይህን ሲሰማ ለሙሉጌታ ብቻ ሁለት መቺ እሰጣለሁ አለ፤ ጋሼ ታደሰም ውሳኔውን ለራሱ ለሙሉጌታ ተዉለት። ሳምንቱን በሙሉ ግቢያችን ውስጥ የኳስ ድምፅ ጠፋ። ጓንት ላይ የምታርፍ ኳስ ጧ ማለቷን እንደለመድነው ያወቅነው ያኔ ነው። ልጄ በመስኮት አየችና «ዳዲ፣ ኣር ዜይ ፋይቲንግ?» ብላ ተጣልተው እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አይ፣ እያሰቡ ነው» አልኳት። «ዛትስ ወርስ» አለችኝ፤ እሱማ የባሰ ነው ማለቷ ነው።

ቅዳሜ የምንጋጠመው ከማን ጋር መሰላችሁ? ከቤክስሊ ጋር። ሔለን ብቻዋን ክንዷን ታፍታታለች። የሙሉጌታ መኪና ዘግይታ መጣች። ወረደ፤ ወደ እኛ አላየም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ቤክስሊዎች ሄደ። ከዴቪድ ጋር ቆመው አወሩ። ተጨባበጡ። ጋሼ ታደሰ ኮፍያቸውን አውልቀው ጸሎት ይሁን ብስጭት ያልገባኝን ነገር አጉተመተሙ። ከዚያ ሙሉጌታ ዞረና ሜዳውን አቋርጦ ወደ እኛ መጣ።

«ምን አልከው?» አልኩት።

«አመሰገንኩት።»

ከሔለን ፊት ቆመ። «ሳስበው ሰነበትኩ» አላት። «ባሸነፍኩ ቀን መጀመሪያ ኮል የማደርገው ለማን ነው? ለአንቺ። አንቺ ደግሞ የተሸነፍሽው ነሽ። ደውዬ ምን እልሻለሁ?»

ሔለን ኳሷን አነሣች። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ አንድ የፓርኪንግ ሎት ያህል ራቀችና ወረወረችለት። ኳሷ ፈጣን ነበረች። ቀለባት።

የዚያን ቀን አወራወራቸውን ባያችሁ! ዴቪድ ራሱ ሦስት ጊዜ አየር ገርፎ ዱላውን እንደ ከዳው ጓደኛ ትክ ብሎ አየው። እኛም ግን አልመታንም። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። የመቷትን ያቺን አንዷን ኳስ በእግሮቼ መሐል ያሳለፍኳት እኔ ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት አልሰጥም።

ጨዋታው ሲያልቅ ዴቪድ ላቡን እየጠረገ ወደ ጋሼ ታደሰ መጣ። ለሁለቱ አምስት መቺ እሰጣለሁ አለ። አስቡት እንግዲህ፤ የተጠየቁት ስሜቱን እንተወው ያሉን ሰው ናቸው። ጋሼ ታደሰ ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ሚስተር ዴቪድ» አሉት በዝግታ፣ በእንግሊዝኛቸው፤ «መኪናዬን ጠይቀኝ፣ አስብበታለሁ።»

ዴቪድ ሳቀ። ጋሼ ታደሰ አልሳቁም።

መጨረሻ ወጣን። ከሊጉም ወጣን። ያንን ትሬድ ብናደርግ ኖሮ እንቆይ ነበር የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ በሂሳቡ ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ የማውቀው በሚቀጥለው ዓመት ሰመር የሆነውን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሊግ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ሊንደን መናፈሻው ሜዳ ላይ ሔለንና ሙሉጌታ ይወረውራሉ፤ ወሬው የደረሰው ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ ዕድሉን ሊሞክር ይመጣል። ዴቪድም ከቤክስሊ ይመጣና ሰልፍ ይዞ ተራውን ይጠብቃል።

ኳሷን እስካሁን አልመታትም።